ማህተም ፍለጋ ባሕር ዳር

ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ብርዱ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። እኔ ከተጠየቅኳቸው ሰነዶች ሁለቱ ያሉት ባሕር ዳር ነበር። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ እዚያ ስለተወለድኩ። ዲግሪው ደግሞ፣ ፖሊ (ፖሊ ቴክኒኩ) ስለተማርኩ። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩና ከአዲስ አበባ በጠዋቱ በረራ ሄድኩ።

መጀመሪያ ወደ ፖሊ። በንጉሡ ዘመን በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ይህ ግቢ በ1992 ከፔዳ፣ ማለትም ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ቢሆንም፣ ለባጃጅ ሹፌር ግን ዛሬም "ፖሊ" ነው። ሬጅስትራር ጋ ሁለት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ። ስቱደንት ኮፒ የሚባለው የውጤት ዝርዝር ለራሳችሁ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚባለው ግን በታሸገ ፖስታ ለተቀባዩ ተቋም የሚላክ ነው፤ "እስቲ ልየው" ብላችሁ ከከፈታችሁት አለቀለት።

ዋናው ዲግሪ ደግሞ የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ጣጣ አለበት። ዕዳው ካልተከፈለ ኦሪጅናሉ አይሰጥም። የኔ ለዓመታት ከደሞዜ ሲቆረጥ ኖሮ አልቋል። ቢሆንም ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እሱን አዲስ አበባ ሳለሁ አጽፌ ስለያዝኩ እዚህ ብዙም አልተንገላታሁም።

የተንገላታሁት በልደቴ ነው። የወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት) ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። እኔ የተወለድኩት ደግሞ ጳጉሜ 6 ቀን 1983፤ ስለዚህ ልደቴ ገና አሁን ነው የሚመዘገበው። ምዝገባ ቢሮው ውስጥ መረጃውን ኮምፒውተር ላይ የሚሞላው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጳጉሜ 6 አለ እንዴ?"

"በየአራት ዓመቱ አለ። እኔን ጠይቀኝ።"

ሳቀና ጽፎ ሰጠኝ። አማርኛው ልክ ነው። በፈረንጆቹ ያለው ግን ሴፕቴምበር 10፣ 1991 ይላል። ፓስፖርቴ ላይ ያለው 11 ነው። ልጁ እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቆጥሯል። ጳጉሜ ስድስት ሲሆን ግን አዲስ ዓመት ወደ 12 ይሸጋገራል፤ የ1984 መስከረም 1 የዋለውም በዚያ ቀን ነው።

"እህቴ፣ ያው አንድ ቀን ነው እኮ።"

"አንዷ ቀን እኮ ናት ጉዷ!"

ከጎኑ የተቀመጠች ጠና ያለች ሴት ስልኳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አውጥታ አሳየችው። ምንም ሳይል ወረቀቱን እንደ አዲስ አተመው። ባላየው ኖሮ ስህተቱ ከነማህተሙ ኤምባሲ ድረስ አብሮኝ ይሄድ ነበር። በነገራችን ላይ በጳጉሜ የተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ 8 ይደምራል፣ በመስከረም የተወለደ 7። በሁለት ቀን ልዩነት የተወለዱ ልጆች እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ወደ ጣና ዳር ወርጄ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በዳጣ በላሁ። ስለ ሐይቁ ውበት ብዙ ስለተባለ እሱን ልተወው። እምቦጩ ግን ያሳዝናል።

ከሰዓት በኋላ የሰነድ ማረጋገጫ። የቀሩ ወረቀቶች ቢኖሩ እንድታወጣልኝ ለእህቴ ውክልና ልሰጣት ነው። ውክልና ሰጪ መታወቂያውን ይዞ ራሱ መቅረብና ሹሙ ፊት መፈረም አለበት። ከፊቴ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ልጃቸው አሜሪካ ነው፤ አባቱ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ላኩልኝ ብሏቸዋል። አብሯቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ "እኔ ልፈርምላቸው" ቢል ሠራተኛዋ እሺ አላለችም።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚፈርሙት። መጻፍ ካልቻሉ በአሻራ ይሆናል።"

አውራ ጣታቸውን ይዛ ቀለሙ ላይ ጫን አደረገችላቸው፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። እሳቸው ጣታቸውን እያዩ "ልጄን ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ዛሬ ደግሞ ለማን ነው የማስረዳው?" አሉ። ቀለሙን በጋቢያቸው ጫፍ ሊጠርጉ ሲሉ የወንድማቸው ልጅ ሶፍት አቀበላቸው።

የእሳቸው ጥያቄ ልክ ነው፤ ግን ከዚያ ቢሮ በላይ ያለ ማንም አይጠይቃቸውም። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰነድ ሲያረጋግጥ የሚያየው ከሥር ያረፈው ማህተምና ፊርማ የትክክለኛው መሥሪያ ቤት መሆኑን ነው። ኤምባሲው ደግሞ የውጭ ጉዳይን ማህተም ያያል። አንዱ የሌላውን እጅ እንጂ ታሪኩን አያረጋግጥም። መወለዴን የሚያውቀው የመጀመሪያው ቢሮ ብቻ ነው። እዚያ የተሳሳተ ፊደል እስከ ላይ ተሳስቶ ይወጣል፣ ያውም ማህተም በማህተም ሆኖ። ለዚህ ነው ወረቀቱን ከመስኮቱ ሳልርቅ፣ ከፓስፖርቴ ጎን አስቀምጬ ፊደል በፊደል የማነበው። ከኋላ የተሰለፈ ሰው ቢያጉረመርምም ያጉረምርም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ዲግሪውን ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስገባሁ። ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ። እዚያ ማህተሙ ሲያርፍ ፎቶ ኮፒ የማንሳት ያህል እንኳ አልቆየም።

ኤምባሲው ሰልፍ ላይ ከጎንደር የመጣ ልጅ አጠገቤ ነበር። የአያቱ ስም ፓስፖርቱ ላይ በአንድ "ኤል"፣ የልደት ወረቀቱ ላይ በሁለት "ኤል" ተጽፏል። መለሱት። ሲወጣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ "ስማ፣ ለነገ ሌሊት አንድ ወንበር ያዝልኝ። አዎ፣ ጎንደር። ኧረ ተወኝ ባክህ፣ ስመጣ እነግርሃለሁ" ይላል።