ከሕግ ሰዎች የተዋስሁት ጥያቄ

ለአዲስ ተማሪዎች የመረጃ ፍለጋ ሥልጠና የምንሰጥ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በየዓመቱ የምንደጋግመው ምክር አለን፤ የምትጠቅሱት ጽሑፍ በባለሙያዎች ተገምግሞ በታወቀ መጽሔት የወጣ፣ ከተቻለም ባለፉት አምስት ዓመታት የታተመና በብዙ ተመራማሪዎች የተጠቀሰ ይሁን እንላለን። ምክሩ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ይበጃል። የሕግ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ሲቀመጡ ግን ለሦስቱም አይሆንም። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሥልጠናውን የምጀምረው ከሕግ ሰዎች በተዋስሁት ጥያቄ ነው፦ ይህ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ምን ደረሰበት?

የሕግ ምንጭ ዕድሜው ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ ሁለቱም በ1952 ዓ.ም. የታወጁ እኩዮች ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የውል ድንጋጌዎች ዛሬም በየችሎቱ ሲጠቀሱ፣ የቤተሰብ ክፍሉ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተተክቷል። የንግድ ሕጉ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ ለአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቦታውን ለቋል። የሰበር ውሳኔም እንዲሁ ነው። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ የደነገገው አዋጅ ቁጥር 454/1997 (በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተተካው)፣ ችሎቱ ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችልም አብሮ አስቀምጦ ነበር። በመሆኑም የችሎቱ ውሳኔዎች ከሚታተሙባቸው ቅጾች በአንዱ ውስጥ ውሳኔ ያገኘ ተማሪ ሥራውን ገና መጀመሩ ነው፤ ያ አቋም በኋለኞቹ ቅጾች መጽናቱን ወይም መለወጡን ሳያጣራ ቢጠቅሰው ክርክሩ ሊፈርስበት ይችላል።

ይህን የማጣራት ሥራ ወደ መሣሪያ የለወጠው ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 በኢሊኖይ ግዛት የጀመረው ሥራ፣ እያንዳንዱ የቀድሞ ፍርድ በየትኞቹ ኋለኛ ፍርዶች እንደተጠቀሰ የሚያሳዩ፣ ጠበቆች በፍርድ መጻሕፍታቸው ኅዳግ ላይ የሚለጥፏቸው ወረቀቶች ነበር። በኋላ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሲሆን፣ ኋለኞቹ ፍርዶች የቀድሞውን መከተላቸውን፣ መተቸታቸውን ወይም መሻራቸውን የሚያመለክቱ አጫጭር ምልክቶች ይይዝ ነበር። የመረጃ ሳይንስ ባለሙያው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ለሳይንስ ጽሑፎችም ተመሳሳይ ማውጫ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ሲያቀርብ አርአያ ያደረገው ይህንኑ የጠበቆች መሣሪያ ነው፤ ሐሳቡም በ1960ዎቹ እውን ሆነ። ሆኖም ከሕግ ወደ ሳይንስ በተደረገው ጉዞ ምልክቶቹ ቀሩና ቁጥሩ ብቻ ተሻገረ። ዛሬ ተማሪው በስክሪኑ ላይ የሚያየው ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ እንጂ፣ የጠቀሱት ሰዎች ደግፈውት ይሁን አፍርሰውት አይደለም። በእኔ እምነት በዘመናዊው የመረጃ ፍለጋ ከደረሱት ጉዳቶች ትልቁ ይህ ነው።

ሒሳብ ጉዳቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አልፍሬድ ኬምፔ ማንኛውንም ካርታ ጎረቤት አገሮች አንድ ዓይነት ቀለም ሳይጋሩ በአራት ቀለማት መቀባት እንደሚቻል አረጋገጥሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1879 በታወቀ የሒሳብ መጽሔት አሳተመ። ፐርሲ ሂውድ በ1890 ስሕተቱን እስኪያጋልጥ ድረስ ማረጋገጫው ለ11 ዓመታት ትክክል ነው ተብሎ ኖሯል። ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ብቻ በሚቆጥረው በዛሬው አሠራር የሂውድ ጽሑፍ ለኬምፔ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያስገኝለት ነበር! በአንጻሩ ግሪጎሪ ፔረልማን የፖይንካሬ ግምት የተባለውን ዝነኛ የሒሳብ ጥያቄ የፈታባቸውን ሦስት ጽሑፎች እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 አርካይቭ በተባለው የቅድመ ኅትመት ድረ ገጽ ላይ ከማስቀመጥ አልፎ ለመጽሔት አልላካቸውም። ሥራው የታመነው ሌሎች የሒሳብ ሊቃውንት ለዓመታት መስመር በመስመር ስለመረመሩት ነው። የተለመደውን ምክራችንን የሚከተል ተማሪ እንግዲህ ኬምፔን ተቀብሎ ፔረልማንን ይጥላል ማለት ነው።

በኳንተም ፊዚክስ ግን የተዋስሁት ጥያቄም ወሰን እንዳለው አይቻለሁ። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከኳንተም መካኒክስ በስተጀርባ የእያንዳንዱን ልኬት ውጤት አስቀድመው የሚወስኑ ስውር ተለዋዋጮች ሊኖሩ እንደማይችሉ በሒሳብ አረጋገጥሁ ብሎ ነበር። የሒሳብ ሊቋ የኤሚ ኖተር ተማሪ የነበረችው ግሬተ ኸርማን በ1935 ማረጋገጫው የቆመበት አንዱ መነሻ ግምት በቂ ምክንያት እንደሌለው ጻፈች። ጽሑፏ የወጣው በፍልስፍና ኅትመት ላይ ስለነበር ፊዚሲስቶች ልብ አላሉትም፤ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል ያንኑ ድክመት በራሱ መንገድ ደርሶበት ያሳተመው በ1966 ነው። የስውር ተለዋዋጮችን ጉዳይ በሙከራ ለመፈተን መንገድ የከፈተው የቤል ዝነኛ የ1964 ጽሑፍም ዕድሜው ባጠረ መጽሔት ላይ የወጣ ሲሆን፣ ከእሱ ለተነሡት ሙከራዎች ጆን ክላውዘር፣ አላን አስፔና አንቶን ዛይሊንገር የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በ2022 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 የነበረ ተማሪ የፎን ኖይማን መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ምን እንደደረሰበት ቢፈልግ ኖሮ የኸርማንን ስም የማግኘት ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነበር። ማውጫ በማይሸፍነው ኅትመት ላይ የወጣን ጽሑፍ ማውጫው አያውቀውም። ስለዚህ የፊዚክስ ተማሪዎችን ወደ ፍልስፍና መደርደሪያም እልካቸዋለሁ፤ የማረጋገጫውን መነሻ ግምቶች አንድ በአንድ መመርመር ግን ከእኔ ሙያ ውጪ ስለሆነ፣ ያን ክፍል ለመምህሮቻቸው እተወዋለሁ።