ደሙ ብቻውን አይበቃም፣ ጥርሱንም እዩ

ሥራዬ «ደስታ መሰል» (ፒፒአር) የሚባለው የቫይረስ በሽታ በበግና ፍየል መንጋ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት በደም ምርመራ መከታተል ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ደም መቅዳት፣ ላብራቶሪ መላክ፣ ውጤቱን ካርታ ላይ ማስፈር፣ አለቀ። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን አንቲቦዲውን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ካለፈ በኋላም ደም ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አንዲት አሮጊት በግ ፖዘቲቭ ሆነች ማለት ቫይረሱ በዕድሜዋ አንድ ቀን አግኝቷታል ማለት ነው። ዘንድሮ ይሁን የዛሬ አራት ዓመት፣ ደሙ አይናገርም።

ጊዜውን የሚነግረኝ ጥርስ ነው። በግና ፍየል የወተት ጥርሳቸውን መቀየር የሚጀምሩት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው፤ አፋቸው የሚሞላው ደግሞ አራት ዓመት ገደማ ላይ። ስለዚህ መርፌ ከማውጣቴ በፊት ከንፈሯን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ እመዘግባለሁ። ያልተከተበች፣ ጥርስ ያልቀየረች ፍየል ፖዘቲቭ ከሆነች ቫይረሱ በቅርቡ እዚያ ነበር። ትልልቆቹ ፖዘቲቭ ሆነው ወጣቶቹ በሙሉ ኔጋቲቭ ከሆኑ ግን በሽታው መጥቶ ሄዷል። ሁለቱ መንጋዎች በመቶኛ ሲሰሉ እኩል ሊወጡ ይችላሉ፤ ታሪካቸው ግን ለየቅል ነው።

በጣም ትንንሾቹን አልነካም። ግልገል ከእናቷ እንገር ጋር አንቲቦዲም ትጠጣለች፤ ይህ ሦስት አራት ወር ሊቆይ ይችላል። እኔ የምወስደው ስድስት ወር ካለፋቸው ነው።

ክትባት ሌላ ራስ ምታት ነው። የተለመደው ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ፣ ኤላይዛ፣ አንቲቦዲ የምንፈልግበት የላብራቶሪ ምርመራ፣ የክትባቱን አንቲቦዲ ከበሽታው አይለየውም። ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው። «ተከትባለች?» ስትሉ ግን መልሱ ሁሌም «አዎ ዶክተር፣ ተወግታለች» ነው። የትል መድኃኒቱም መርፌ፣ አንቲባዮቲኩም መርፌ! አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ስትወጋ ታማ ነበር ወይስ ደህና ነበረች? የጎረቤት መንጋስ አብሮ ተወግቷል? ደህና ሳሉ ሁሉም በአንድ ቀን ከተወጉ፣ ክትባት ሳይሆን አይቀርም።

በጎቹ በሙሉ በተከተቡበት ቦታ ደግሞ አንድ ብልሃት አለ፤ ከብቶቹን መመርመር። ከብት በዚህ ቫይረስ ይያዛል፣ አንቲቦዲም ያመርታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይታመምም፣ ዘመቻው ላይም አይከተብም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የከብቶች የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ስለታወጀ፣ እሱ ያደናግረናል የሚል ስጋት ቀርቷል። ከበጎች ጋር የሚውል ወይፈን ፖዘቲቭ ሲሆን ጆሮዬን አቆማለሁ።

ናሙና አያያዝ ላይ ብዙ አልልም። ደሙ እስኪረጋ ቱቦውን ጥላ ሥር ተዉት። በትኩሱ በረዶ ላይ መጣልና መኪና ውስጥ ማንገጫገጭ ሴረሙን፣ ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ቀይ ያደርገዋል፤ ጥሩ ሴረም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ለእያንዳንዷ እንስሳ አዲስ መርፌ። ቁጥሩ የሚጻፈው ቱቦው ላይ እንጂ ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይቀያየራላ!

ላብራቶሪ ውስጥ አዲስ ሰው ሁሌ ግራ የሚጋባው በቀለሙ ነው። 96 ጉድጓድ ያለውን ፕሌት ሲያይ ቢጫው የደመቀውን «ያዘ» ይላል። የእኛ ኤላይዛ ግን የፉክክር ዓይነት ነው። በሴረሙ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ቦታውን ቀድሞ ከያዘ፣ ቀለም የሚያመጣው ኬሚካል ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ ፖዘቲቩ የፈዘዘው ነው።

ደግሞ 99 በመቶ ልክ የሆነ ምርመራ እንኳ ከ1,000 ጤነኛ እንስሳት አሥር ያህሉን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። በአንድ ሰፊ መንጋ ውስጥ አንዲት ብቻ ብትገኝ አልደነግጥም፤ ተመልሼ ጓደኞቿን እመረምራለሁ። ከአንድ ቤት ሦስት ጥርስ ያልቀየሩ ፖዘቲቭ ከሆኑ ግን ያ ወሬ አይደለም። ለዚህም ነው ከአንድ መንጋ ሃምሳ ከመቅዳት ከብዙ መንጋ ጥቂት ጥቂት መውሰድን የምመርጠው።

ካርታው ፈር የያዘልኝ ትልልቆቹን አውጥቼ ወጣቶቹን ብቻ ሳስቀር ነው። ሁሉም አብረው ሲሰፍሩ ነጥቡ በየቦታው የተበተነ ነበር። ወጣቶቹ ብቻ ሲቀሩ ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ተሰለፉ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መንደሮች ይለያያሉ፤ እንስሳ ከአንድ ገበያ የሚገዙ ሁለት ሩቅ መንደሮች ግን ይመሳሰላሉ።

ቫይረሱ ከየት እንደመጣ ግን ሴረም አይነግረንም። የታወቁት የዘር ሐረጎች አራት ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቫይረሱን ራሱን ማግኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቱቦዎቹ ጎን የጥጥ ዘንጎችም እይዛለሁ። ትኩሳት ያላት፣ ዓይኗና አፍንጫዋ የሚፈስ ፍየል ካጋጠመችኝ ከደሙ በፊት ከዓይኗና ከአፍንጫዋ እጠርግና ቫይረሱን ራሱን ለሚፈልገው ምርመራ፣ ለፒሲአር፣ በቅዝቃዜ እልካለሁ።