ኤርፖርት አጠገብ፣ ቅጠል ሳይወጣ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ወፍ ማየት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አንድ ነው፤ ሜይን አትጠብቁ። ወፍ ወዳዶች ሁሉ የሚያወሩት ስለ ሜይ ነው። እውነት ነው፣ ያን ጊዜ ዓይነቱ ይበዛል። ግን ዛፉ ሁሉ ቅጠል ስለሚለብስ ድምፅ ብቻ እየሰማህ አንገትህን አንጋጠህ ትውላለህ። ማርች ላይ ዛፉ ራቁቱን ነው። ያረፈው ሁሉ ይታያል። የክረምቶቹ ገና አልሄዱም፣ የበጋዎቹ ደግሞ መግባት ጀምረዋል።

የእኔ ኑሮ መኪና ውስጥ ነው። ሬገን ኤርፖርት ሰው አድርሼ፣ ቀጣዩ ጥሪ እስኪመጣ ሮቸስ ረን ጎራ እላለሁ። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ዳር ያለች ትንሽ የመኪና ማቆሚያ ናት፤ ፊት ለፊቷ ውኃ ነው። እንግዳ ልንቀበል ስንመጣ ብዙዎቻችን ቆመንባታል። የውኃ ወፎች መጠለያ መሆኗን ግን ልብ የሚል የለም። አውሮፕላኑ ጎማውን ዘርግቶ በአናትህ ላይ ያልፋል፤ ዳክዬዎቹ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም።

ውኃው ከፖቶማክ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲጎድል ጭቃው ይወጣና ግሬት ብሉ ሄሮን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፍ ዳር ዳሩን እየተራመደ ዓሣ ይፈልጋል። ሲሞላ ዳክዬዎቹ ወደ መኪናው ይጠጋሉ። ከሁሉም በፍልሄድ የምትባለዋን ትንሽዬ ዳክዬ እወዳታለሁ። ወንዱ ጥቁር ጭንቅላቱን ከኋላ በነጭ ሻሽ የጠመጠመ ይመስላል። አሁን አለ ስትል ይጠልቅና ያላሰብክበት ጋ ብቅ ይላል። ኤፕሪል ላይ ወደ ካናዳ ይሄዳሉ፤ እዚያ የሚፈለፍሉት ግንደ ቆርቁር በፈለፈለው የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ዳክዬ ዛፍ ላይ! ባለፈው ጓደኛዬ ደውሎ ሥራ እንዴት ነው ሲለኝ፣ «ወፍ የለም» አልኩት፤ ፊቴ ያለው ውኃ በበፍልሄድ ተሞልቶ።

ማርች አጋማሽ ላይ ግን ዓይኔ ከውኃው ወደ ሰማይ ይነሳል። ኦስፕሬይ የምትመጣበት ጊዜ ነው። ክረምቱን ደቡብ አሜሪካ ከርማ የምትመለስ፣ ዓሣ ብቻ ማለት ይቻላል የምትበላ አሞራ ናት። ከሩቅ ትልቅ የባሕር ወፍ ትመስላለች፤ ሆዷ ነጭ፣ ጀርባዋ ቡናማ። ስትቀርብ በዓይኗ ላይ የሚያልፍ ጥቁር መስመር ይታያል። ክንፏን ዘርግታ ስትንሳፈፍ ክንፉ መሃሉ ላይ እጥፍ ይላል። አንዴ ይህን ከለየህ በኋላ ከሌላ ጋር አታምታታትም።

ስታድን ማየት ነው እንጂ! አየር ላይ ክንፏን እያራገበች ባለችበት ትቆማለች። ከዚያ እግሯን አስቀድማ ትወረወራለች። ውኃው ይረጫል፣ ለአፍታ ትጠፋለች፣ እየከበዳት ትነሳለች። አየር ላይ አንዴ ራሷን አራግፋ ውኃውን ታረግፍና ዓሣውን ታስተካክለዋለች፤ ጭንቅላቱ ወደ ፊት እንዲሆን። ነፋሱ እንዳይከብዳት ነው። የውጭኛው ጣቷ ወደ ኋላ መዞር ስለሚችል ሁለት ጣት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ አድርጋ ትይዘዋለች። የሚያዳልጥ ዓሣ እንዲህ ካልተያዘ የት ይገኛል? ችግሩ ንስሩ ነው። የአሜሪካ መለያ የሆነው ባለ ነጭ ራስ ንስር እያሳደደ ይነጥቃታል። እኔ እንደሆንኩ ሁልጊዜ ከእሷ ጎን ነኝ።

እነዚህ ወፎች በዚህ አካባቢ ቁጥራቸው በጣም ቀንሶ ነበር። ዲዲቲ የሚባለው የነፍሳት መግደያ የእንቁላላቸውን ቅርፊት እያሳሳ ሲታቀፉት ይሰበር ነበር። ያገገሙት አሜሪካ በ1972 ዲዲቲን ከከለከለች በኋላ ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ደነገጥኩ፤ እኛ ሐዋሳ ልጅ ሆነን ለወባ ተብሎ ቤታችን ግድግዳ ላይ ይረጭ የነበረው እሱው ነው። ያኔ ወፍ ማለት ለእኔ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የዓሣ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ ነበር። የአውሮፓዎቹ ኦስፕሬይዎች ክረምቱን አፍሪካ ነው የሚያሳልፉት፤ አንዳንዶቹ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ድረስ ይወርዳሉ። ምናልባት ልጅ ሆኜ በአናቴ ላይ አልፋ ይሆናል።

ሥራ በማልገባበት ቀን አሌክሳንድሪያ አጠገብ ወዳለው ሀንትሊ ሜዶውስ ፓርክ እሄዳለሁ። መንግሥት ቦታውን በ1975 ለፌርፋክስ ካውንቲ የሰጠው በ1 ዶላር ነው፤ ዛሬ በዚያ ሰፈር በ1 ዶላር ሻይም አይገኝ። በሎክሂድ ቡልቫርድ በር ከገባችሁ ረግረጉ ላይ የተዘረጋ የእንጨት መሄጃ ታገኛላችሁ። እዚያ ሬድ ዊንግድ ብላክበርድ ሸምበቆ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ወንዱ ጥቁር ነው፤ ትከሻው ላይ ቢጫ ጠርዝ ያለው ቀይ ምልክት አለው። ሲፎክር ቀዩን ይነፋዋል፣ ጸብ ካልፈለገ ይሸፍነዋል። ሴቷ ቡናማ ዥንጉርጉር ስለሆነች ብዙ ሰው ድንቢጥ ናት ብሎ ያልፋታል።

ሩቅ ማያ መነጽር ለምትጠይቁኝ፣ 8 በ42 የሚባለው ይበቃል፤ 8 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። መርሊን የሚባለውን ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ድምፅ ሰምቶ ስም ይነግራችኋል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ወፉን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑት።

ወደ ምሽት ደግሞ በሳውዝ ኪንግስ ሃይዌይ በኩል ባለው በር ግቡ። ሜዳው ላይ ዉድኮክ የሚባል ወፍ አለ፤ ምንቃሩ ረጅም፣ መልኩ የደረቀ ቅጠል። ፀሐይ እንደጠለቀች መሬት ላይ ሆኖ በአፍንጫው የሚያወራ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ከዚያ ድንገት ተነስቶ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይወጣና እያፏጨ ይወርዳል፤ ሴት ለመጥራት ነው። ባለቤቴን አንድ ቀን ይዣት ሄጄ ነበር። መጀመሪያ «እንቁራሪት ለማየት ነው በዚህ ብርድ ያመጣኸኝ?» አለች። ወፉ ሲነሳ ግን ስልኬን ነጥቃኝ ትቀርጽ ጀመር። ቪዲዮው ላይ ጨለማና የእሷ ሳቅ ብቻ ነው ያለው።