ከፓሪስ እስከ ራንስ፦ ፉጂታ ነጩን የተወበት ግድግዳ

የጃፓናዊውን ሠዓሊ የጹጉሃሩ ፉጂታን ሥራ ተከትሎ ለሚጓዝ ሰው መነሻው የፓሪስ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቢሆን ይሻላል እላለሁ። ሞዴሏን ኪኪን ጋደም እንዳለች የሣለበት የ1922 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እርቃን ሥዕል የሙዚየሙ ንብረት ነው። ተሰቅሎ ካገኛችሁት ጠጋ በሉ፤ ገላዋ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፣ ዙሪያውን የያዘው ጥቁር መስመር ደግሞ ከፀጉር አይወፍርም።

ፉጂታ በ1910 ከቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ በ1913 ፓሪስ ገባ። ዝናውን ያተረፈለት ይህ ነጭ ነው፤ አሠራሩንም ለማንም አላሳየም። ችግሩ ግልጽ ነው፦ በውኃ የሚበጠበጥ የጃፓን ጥቁር ቀለም የዘይት ቅብ ላይ አይዝም። ምስጢሩ የታወቀው ሥዕሎቹ ሲጠገኑና ሲመረመሩ ነው። ከእርሳስ ማዕድን ከሚሠራው ነጭ ቀለም ሦስት እጅ፣ ከካልሲየም ካርቦኔት አንድ እጅ ያህል ይቀላቅላል፤ ላዩን በታልክ፣ ማለትም በሕፃናት ፓውደር ያሸዋል። ታልኩ የዘይቱን ማንሸራተት ስለሚገድለው ቀጭኑ ብሩሽ ሳይንሸራተት ይሄዳል። ዳፋው ለጠጋኞች ተርፏል፤ ሥዕሉን እንደ ተራ የዘይት ሥዕል በእርጥብ ጥጥ ልጥረግ ያለ ሰው መስመሩን ይዞት ይነሣል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለጃፓን ጦር በሣላቸው ሥዕሎች፣ በተለይ በ1943ቱ የአቱ ደሴት ውጊያ ሥዕል፣ በኋላ ክፉኛ ተወቀሰ። በ1949 አገሩን ለቆ በኒውዮርክ በኩል በ1950 ፓሪስ ደረሰ፤ በ1955 ፈረንሳዊ ዜግነት ያዘ፣ በ1959 ራንስ ካቴድራል ተጠምቆ ሌኦናር ተባለ።

ከፓሪስ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ቪሊዬ ለ ባክል የመጨረሻ ቤቱ አለ። ጣሪያው ሥር ወዳለው ስቱዲዮ መውጣት አይቅርባችሁ፤ በራንስ ከተማ ግድግዳውን ለሣለው ጸሎት ቤት እጁን ያፍታታበት የሙከራ ሥዕል እዚያው ግድግዳ ላይ አለ። ጉብኝቱ ከአስጎብኚ ጋር ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ከፓሪሱ የጋር ደ ሌስት ባቡር ጣቢያ ራንስ በፈጣን ባቡር 45 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ጸሎት ቤቱ ከጣቢያው በእግር ይደረሳል፣ ከሙም የሻምፓኝ ቤት ፊት ለፊት። ፉጂታ ግድግዳውን የሣለው በ1966 በአውሮፓ የበጋ ወራት፣ በ79 ዓመቱ ነው። ሥራው ፍሬስኮ ነው፦ የዕለቱን ያህል ብቻ የኖራና የአሸዋ ልስን ይለሰናል፣ ሳይደርቅ ይሣላል። ልስኑ ከደረቀ ቀለሙን አይጠጣም፤ የተሳሳተውን ፍቆ እንደገና ከመለሰን በቀር መላ የለም። እርሳስ ያለበት ነጭ ደግሞ በፍሬስኮ ላይ ውሎ አድሮ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ያስከበረው ነጭ እዚህ አይሠራም፣ ብርሃኑ የሚመጣው ከኖራው ነው። ለእኔ ከፓሪሱ ሥዕል የበለጠ ድፍረት ያለው ይሄ ነው፣ ምንም እንኳ ውበቱ ያነሰ ቢሆን።

በርሜል ላይ የተቀመጠችውን የወይን አዝመራ ማርያም ፈልጉ፤ ከሰዎቹ መካከልም ባለመነጽሩን ፉጂታን ራሱን ታገኙታላችሁ። እሱና ባለቤቱ ኪሚዮ የተቀበሩትም እዚያው ነው። በክረምት ብርድ ወራት ጸሎት ቤቱ ዝግ ነውና ጉዞውን ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ አድርጉት።