ግንብ የሌለበት ሎጎ

ጎንደር ፒያሳን አንዴ ዞር ዞር በሉና ታፔላዎቹን ቁጠሩ። ካፌው ግንብ አለው፣ ፋርማሲው ግንብ አለው፣ መኪና እጥበቱ እንኳ ግንብ አለው። እኔም ብራንዲንግ ኤጀንሲ ብዬ ስጀምር (ኤጀንሲ ስል እኔ፣ አንድ ላፕቶፕና የወንድሜ ግማሽ ሱቅ ማለቴ ነው) ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሎጎዎቼ አራቱ ግንብ ነበሩ። ደንበኛ ያዛል፣ እኔ እሥላለሁ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ፊደሉም ሁሌ ኒያላ የሚባለው የኮምፒውተር ፎንት ነው። ከዊንዶውስ ጋር ስለመጣልኝ እንጂ መርጬው አልነበረም።

ዓይኔን የከፈቱልኝ አንዲት በርበሬ ሻጭ እናት ናቸው። ልጃቸው ይዞኝ ሄደ። ያማረ ግንብ፣ ከሥሩ ቀይ ዛላ አድርጌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ግንቡንስ አፄ ፋሲል ሠርተውታል፤ አንተ ምን ሠራህ ልጄ?»

ላፕቶፑን ዘጋሁ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ ወርጄ ከመደባቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ዋልሁ። እያስነጠሰኝ ነው የዋልሁት። ገዢው ሁሉ ግን «ያችን ባለቀይ ክሯን» እያለ ይጠይቃል። እማማ ፌስታሉን በቀይ ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥመው ነው የሚያስሩት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ድሮ ጥለት ስሠራ የተረፈኝ ክር ነው» አሉኝ። እኔ ሎጎ ፍለጋ ስባዝን ሎጎው እዚያው ታስሮ ተቀምጧል።

ሦስት ቀይ መስመርና አንድ ቋጠሮ ሣልሁ። ስማቸውን በእጄ ጻፍሁት፤ ኒያላ በትንሹ ሲታተም የ«ሬ» ቀለበት ተደፍኖ ከ«ሪ» አይለይም።

ከዚያ ጥፋቴ መጣ። ስክሪኑ ላይ ደም የመሰለው ቀይ ስቲከሩ ላይ የሸክላ ስብርባሪ መስሎ ወጣ። አምስት መቶ ስቲከር! ፋይሉን በአርጂቢ (በስክሪን የቀለም አሠራር) ልኬዋለሁ፣ ማተሚያው የሚያትመው በሲኤምዋይኬ (በኅትመት የቀለም አሠራር) ነው። ስክሪን ቀለሙን ከብርሃን ያወጣል፣ ማተሚያ ከቀለም ድብልቅ፤ ስክሪን ላይ የሚያበራ ቀይ ሁሉ ወረቀት ላይ አይገኝም። ማንን እወቅሳለሁ? ሒሳቡን ከኪሴ ከፈልሁ። ዛሬ አንድ ናሙና በእጄ ሳልይዝ «እተም» አልልም።

ሌላ ያልገባኝ ነገር ነበር። ንግድ ፈቃድ ላይ ስም ከሰፈረ ምልክቱም የተጠበቀ ይመስለኝ ነበር። ለካ የንግድ ምልክት ለብቻው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው የሚመዘገበው። አዋጁ ቁጥር 501/1998 ነው፤ ምዝገባው 7 ዓመት ያገለግልና ይታደሳል። «በርበሬ» የሚለው ቃል ብቻውን አይመዘገብም፣ የዕቃው ስም የሁሉም ነጋዴ ነውና። የእማማ ስም ከነቋጠሮው ግን ሊሞከር ይችላል። ይህን ሳስረዳቸው ሳቁብኝ።

«ክር ደግሞ ማን ይሰርቃል!»

ከሦስት ወር በኋላ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ከፊት ለፊቴ ያለችው ሴትዮ በክር ማሰር ጀመረች።»

«በቀይ?»

«በቀይ። እሷ ግን የምትጠመጥመው ሁለት ጊዜ ነው። ያ የምትለው ፎርም የት ነው የሚሞላ?»