ሸራው ከወረደ በኋላ

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በአሜሪካ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በማለዳ ተነስቼ ወደ ወደብ ከተማዋ አናፖሊስ ነዳሁ። መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ባለቤቴ ምስርና ጎመን በእንጀራ አድርጋ በሁለት ሳህን አሽጋልኛለች፤ አንዱ የጋሼ ድርሻ ነው።

ጋሼ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። አሜሪካ በ1954 ዓ.ም. ለአገራችን በውሰት የሰጠቻትንና «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ የሆነችውን መርከብ ሰው ተወልዶ ያደገበትን ቤት እንደሚያነሳ ያነሷታል። ያቺ መርከብ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠች። ጋሼ ወሬውን የሰሙት እዚሁ ሜሪላንድ ተቀምጠው ነው። ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው ቤት እንዲያድሱበት የመከሯቸውን ገንዘብ ይዘው ሄደው ዘጠኝ ሜትር የምትረዝም አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዙ። አምስት ዓመት ሆናቸው፤ እኔም ሦስተኛ ክረምቴ ነው ከእሳቸው ጋር ስወጣ።

ረፋዱን በአጭሩ ልለፈው። ባክ ክሪክ ከተባለው ጠባብ የውኃ ገብ በሞተር ወጥተን ሰፊው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሸራችንን ዘረጋን። ከኋላችን የባሕር ኃይል አካዳሚው ጸሎት ቤት ጉልላትና ባሕረ ሰላጤውን የሚሻገሩት ሁለቱ ረጃጅም ድልድዮች ይታያሉ። ለስላሳ የደቡብ ንፋስ ነበር። ቀስ እያልን ቶማስ ፖይንት ደረስን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1875 የተሠራ የመብራት ቤት አለ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ነጭ የእንጨት ቤት ነው፣ ጣሪያው ቀይ፣ የቆመውም ወደ ውኃው ወለል በተሰረሰሩ የብረት እግሮች ላይ ነው። እሱን እያየን ምሳችንን በላን።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የምዕራቡ ሰማይ መጥቆር ጀመረ። ጋሼ ሳህናቸውን ከደኑና «እንመለስ» አሉ። ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሰባት ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ቀጥ ያለ፣ እርስ በርሱ የተጠጋ ነው። የክረምቱ ነጎድጓድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ተነስቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ቸኩለን ባንሮጥም ጊዜ አላባከንንም። ወደ ገቡ ከመግባታችን በፊት ጀልባዋን ፊት ለፊት ወደ ንፋሱ አዙረን ትልቁን ሸራ አወረድን፤ የፊተኛውን ደግሞ በገመዱ ስበን በራሱ ሽቦ ላይ ጠቀለልነው።

እውነቱን ለመናገር ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከዚህ በኋላ ላለው አንድ ሰዓት ተኩል ስል ነው። ጀልባ ተከራይቶ የሚወጣ ብዙ ሰው ጀልባዋ የምትታሰርበትን መድረክ ስትነካ ቀኑ ያበቃ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ ጀልባዋን በኋላዋ እያስገቡ እኔ በጎን ቆሜ ከውኃው በቆሙት ግንዶች ላይ የተንጠለጠሉትን ገመዶች በመንጠቆ ለቀምኩ። ከአራቱ ማዕዘን አራት ገመድ ይታሰራል፤ ሁለት ደግሞ በጎንና በጎን ሰያፍ ሆነው ይወጠራሉ። እነዚህ ሰያፎቹ ጀልባዋ ወደፊትና ወደኋላ እንዳትንሸራተት የሚይዟት ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ በአውሎ ነፋስ ጊዜ ጀርባዋ የኮንክሪቱን ጠርዝ ሲደበድብ ያድራል። አናፖሊስ ላይ ውኃው በቀን የሚወጣውና የሚወርደው ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ከሰሜን ምዕራብ ጠንክሮ የሚነፍስ ነፋስ ውኃውን ከገቡ ጠርጎ ከዚያ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ገመዱ ተወጥሮ ከታሰረ ውኃው ሲወርድ ጀልባዋ በገመዷ ትንጠለጠላለች፤ ወይ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይ የታሰረበት ብረት ከነብሎኑ ይነቀላል። ጋሼ እያንዳንዱን ገመድ በመዳፋቸው ጫን እያሉ ያዩታል። የሚፈልጉት ልክ በቁጥር አይነገርም፤ እጅ ነው የሚያውቀው።

አስተሳሰሩን ግን መናገር እችላለሁ። ባለ ሁለት ቀንዱ ብረት ላይ ገመዱ መጀመሪያ ከሥሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ከዚያ በሁለቱ ቀንዶች ላይ የስምንት ቁጥር ይሠራል፤ በመጨረሻም አንድ ቀለበት ተገልብጦ ቀንዱ ላይ ይገባና ጫፉ ከራሱ ሥር ይቀረቀራል። ሙሉው ክብደት የሚያርፈው በመጀመሪያው ዙር ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ነፋስ ወጥሮትም ቢሆን በጨለማ በአንድ እጅ ይፈታል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አምስት ስድስት ጊዜ እየደራረብኩ እቋጥረው ነበር። ጋሼ ምንም ሳይሉ ይፈቱትና እንደገና ገመዱን ያቀብሉኛል።

ገመዱ የጀልባዋን ጠርዝ በሚነካበት ቦታ አሮጌ የእሳት አደጋ ቧንቧ ቁራጭ አልብሰነዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲፋተግ የሚበላው ያ ሸካራ ሸራ እንጂ ገመዱ አይደለም።

ከዚያ ትልቁ ሸራ። ሲወርድ ዝርክርክ ብሎ አግድሙ ዘንግ ላይ ተከምሯል። እኔ ከኋላ፣ ጋሼ ከምሰሶው በኩል ሆነን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያጠፍን በዘንጉ ላይ አስተኛነው። እጥፋቱ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ እንዳይሆን ትንሽ እናዛውረዋለን፤ ያው መስመር ደጋግሞ ከታጠፈ ጨርቁ እዚያ ላይ ይደክማል። በጨርቅ ቀበቶ አራት ቦታ አሰርነውና ሰማያዊ መሸፈኛውን አለበስነው። ይህ የሚደረገው ለመልኩ ተብሎ አይደለም፤ ሸራን ከነፋስ ይልቅ የሚገድለው ፀሐይ ነው። ያልተሸፈነ ሸራ በጥቂት ክረምት ክሩ ይነቅዝና በጣት ሲጎትቱት ይቀደዳል።

የፊተኛው ሸራ የእኔ ሥራ ነው፤ ከአምና ጀምሮ ለማንም አልሰጠውም። አምና በሐምሌ ወር ጋሼ ወገባቸውን አሟቸው ስለነበር መዝጋቱን ለእኔ ተዉልኝ። ጠቅልዬዋለሁ፤ የጠቀለልኩበትን ገመድ ግን ብረቱ ላይ በአንድ ዙር ብቻ ትቼዋለሁ፤ ሁለቱን መጎተቻ ገመዶችም በተጠቀለለው ሸራ ላይ መዞር ረስቻለሁ። ሌሊት አውሎ ነፋስ መጣ። በማግስቱ ስንደርስ ከላይ በኩል ሸራው ተከፍቶ፣ ሲያርገበግብ አድሮ ከክንድ የሚረዝም ቦታ ተተልትሏል። ጋሼ አልተቆጡም። የተቀደደውን ጠርዝ በእጄ አስይዘውኝ «ነፋሱ ያገኘው ቀዳዳ ይህችን ታክላለች» ብለው ሁለት ጣታቸውን አሳዩኝ። ሸራ ሰፊው ዘንድ ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አሁን ገመዶቹን አራት ጊዜ አዞርባታለሁ፤ ወደ መድረኩ ከወረድኩም በኋላ ቆም ብዬ አያታለሁ።

ነጎድጓዱ ከሰቨርን ወንዝ ማዶ ማጉረምረም ሲጀምር ቧንቧውን ከፈትን። የዚህ አካባቢ ውኃ ወንዝና ባሕር የተቀላቀለበት ስለሆነ ጨዋማነቱ ከውቅያኖሱ ግማሽ አይደርስም። «የምጽዋን ጨው ብታይ!» ይላሉ ጋሼ ሁልጊዜ። እውነት ነው፤ ቀይ ባሕር ከዓለም ባሕሮች ሁሉ ጨዋማ ከሚባሉት አንዱ ነው። እሳቸው እንደነገሩኝ እዚያ ከጥበቃ የተመለሰ ሰው ፊቱን በእጁ ቢያብስ ነጭ ዱቄት ያራግፍ ነበር፤ የብረቱን ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባትም ለወጣት መርከበኛ እንደ ጸሎት በየዕለቱ የሚደረግ ነበር። ትንሽም ብትሆን ጨው ጨው ናት። ውኃው ሲተን ቅንጣቷ ትቀራለች፤ ቀርታም ከአየሩ እርጥበት ትስባለች፤ ስለዚህ ብረቱ አይደርቅም፣ ገመዱም ውስጡ አሸዋ እንደገባበት ይሻክራል። ከምሰሶው ጀምረን ወደ ታች፣ ከፊት ጀምረን ወደ ኋላ በንጹሕ ውኃ አጠብናት። ሳሙና አልተጠቀምንም፤ የሚወርደው ሁሉ ወደ ሸርጣኖቹ ነው የሚሄደው። የወፎቹን ኩስ ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ፈተግን።

ጋሼ የገመድ መጠቅለያውን ከበሮ ሲያጥቡ አየኋቸው። ውኃውን በመዳፋቸው አቁረው በጥርሶቹ መሐል አፈሰሱ፤ በአንድ ጣታቸው አዞሩት፤ ጆሮአቸውን አስጠግተው አዳመጡ። እንደገና አፈሰሱ። የሚንቋቋው ድምፅ ጥርት ሲልላቸው ብቻ ነው ክዳኑን ያለበሱት።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ዳር ወይጦዎቹ የደንገል ታንኳቸውን ሲመለሱ ከውኃው ጎትተው ቀጥ አድርገው ሲያቆሟት እያየሁ አድጌያለሁ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ሳትደርቅ ያደረች ታንኳ በነጋታው ትከብዳለች፣ ቶሎም ትበሰብሳለች። ልጅ ሳለሁ ደክሟቸው እንኳን ለምን ዝም ብለው እንደማይሄዱ አይገባኝም ነበር።

የታችኛውን ክፍል ስንዘጋ ዝናቡ ጥቂት ጠብታ ጣል አደረገ። የሞተሩን የባሕር ውኃ መግቢያና የመጸዳጃውን ቧንቧ ዘጋሁ፤ ከወለሉ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ከፍቼ የተጠራቀመውን ውኃ አየሁ፤ ፓምፑን በራሱ እንዲነሳ አድርጌ ተውኩት። የምድጃው ጋዝ ከጠርሙሱ ተዘጋ። ከመድረኩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ከመሰካቴ በፊት ማብሪያ ማጥፊያው መጥፋቱን አረጋገጥኩ፤ እርጥብ እጅና የበራ ሶኬት አይገናኙም። ጋሼ በበኩላቸው ተንበርክከው በባትሪ እየፈለጉ ከመቀመጫው ሥር የወደቁ ሦስት የምስር ፍሬዎች ለቀሙ። ጉንዳን አንዴ ከገባ እስከ ኅዳር አይወጣም አሉ።

ቁልፉን ቆልፈን ሳህኖቻችንን ይዘን በመድረኩ ላይ ስንሄድ ነፋሱ ደረሰ። በየምሰሶው ላይ የላላ ገመድ ሁሉ መንኳኳት ጀመረ፤ የሰላሳ አርባ ጀልባ ቃጭል በአንድ ጊዜ። በሩ ጋ ስንደርስ ጋሼ ቆሙ። ከሌሎቹ ለይተው የሚሰሙት ነገር አለ።

«የእኛ ናት» አሉ።

እሳቸው እዚያው በጣሪያው ሥር እንዲቆዩ ለምኜ ተመለስኩ። ዝናቡ አሁን በደንብ ይወርዳል። የሸራ መሳቢያው ገመድ ከምሰሶው ጋር ይጋጫል፤ እንዲህ ሲያድር የምሰሶውን ቀለም ልጦ ገመዱንም ይበላል። አንድ አጭር የጎማ ማሰሪያ ከሳጥኑ አውጥቼ ገመዱን ከምሰሶው አራቅኩና ከጎኑ ካለው ሽቦ ጋር አሰርኩት። ለመስማት ትንሽ ቆየሁ። በግራም በቀኝም ያሉት ይንኳኳሉ፤ የእኛይቱ ዝም ብላለች። ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ጋሼ በዝናቡ ውስጥ እጃቸውን አንስተው፣ መስማታቸውን አሳዩኝ።