ማክሰኞ ያልዋለው ፓተንት

ሜሪላንድ በሚገኝ አንድ የጥንታዊ ዕቃዎች አጫራች ድርጅት የካታሎግ ጸሐፊ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ አንዲት እናት የባቡር ነጂ የነበሩትን የቅድመ አያታቸውን የኪስ ሰዓት ለጨረታ አመጡ። ሰዓቱ የኤልጂን ፋብሪካ ሥራ ሲሆን፣ በፋብሪካው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትና በቀድሞው የቺካጎ ከንቲባ በሬይመንድ ስም የሚጠራው ዓይነት ነበር። ሰዓት ለማስተካከል የፊቱን መስታወት ፈትቶ ከጠርዙ ሥር የተደበቀችውን ቀጭን ምላስ መሳብ ግድ ነው፤ ነጂው ሲሞላው ቆጣሪዎቹን ሳያውቅ እንዳያዛባ ታስቦ የተሠራ ነው።

ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለ ሰዓት ሲያዩ አስቀድመው የሚጠይቁት ዕድሜውን ነው፤ በ1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን ላይ ሁለት ባቡሮች ከተጋጩ በኋላ፣ የክሊቭላንዱ ጌጣጌጥ ነጋዴ ዌብ ቦል በመራው ምርመራ ሳቢያ የባቡር ሰዓት በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይዛነፍ የሚያስገድድ ደንብ ወጥቷልና። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የማሽኑ (ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ክፍል) ተከታታይ ቁጥር ሰዓቱን በ1880ዎቹ ስለመደበው ይህ ክፍል አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ማሽኑን የሚይዘው የውጭ ሽፋን፣ ቀፎው ነበር። በጀርባ ክዳኑ ውስጥ የታተመው የአምራቹ ስም በመወልወል ብዛት ጠፍቶ፣ በማጉያ መነጽር የሚነበበው «ሜይ 3፣ 1889 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የተሰጠው» የሚል ብቻ ነበር፤ ቢያንስ እኔ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። ከ1976 በፊት የወጡ የአሜሪካ ፓተንቶች ያኔ በፓተንት ቢሮው መዝገብ በስም አይፈለጉም ስለነበር በቀኑ ፈለግሁ፤ አንድም አልተገኘም። ሁለት ቀን ከለፋሁ በኋላ፣ ዛሬ ሳስበው በሚያሳፍረኝ ድፍረት፣ «በቀፎው ላይ ያለው የፓተንት ቀን ሐሰተኛ ይመስላል» ብዬ ረቂቁን አስገባሁ።

ረቂቁን የሚያርሙት አዛውንት ባልደረባዬ ሰዓቱን እንኳ አላነሡም። «ያን ዕለት ምን ቀን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ቆጥሬ ዓርብ መሆኑን ነገርኳቸው። «የአሜሪካ ፓተንት የሚወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ዓርብ ካልክ የዋሸህ ዓይንህ ነው» አሉኝ። ብርሃኑን ከጎን አድርጌ ስመለከት ሁለተኛው 8 ከላይ በቀኝ፣ ከታች በግራ ክፍት ነበር፤ 5 ነው። ሜይ 3፣ 1859 ማክሰኞ ውሏል፤ በዚያ ቀን ከወጡት መካከልም የፊላደልፊያው ጄምስ ቦስ ፓተንት አለ። ቦስ ናስን በሁለት ስስ የወርቅ ንጣፎች መካከል አድርጎ በመዳመጥ፣ ጠንካራና ከድፍን ወርቅ እጅግ የረከሰ ቀፎ የሚሠራበትን መንገድ ያስመዘገበ ሰው ነው። 1889ን ያለ ጥርጥር የተቀበልኩት ከማሽኑ ዘመን ጋር ስለተስማማልኝ ብቻ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ደስታዬ ግን ወዲያው ሌላ ስህተት ወለደ፤ በአዲሱ ረቂቅ «የ1859 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። አዛውንቱ በቀይ ሰረዙትና፣ ኤልጂን የመጀመሪያውን ሰዓት ለገበያ ያቀረበው በ1867 መሆኑን ከጎኑ ጻፉልኝ። የዚያ ዘመን ገዢ ማሽኑንና ቀፎውን ለየብቻ መርጦ ያስገጥም ስለነበር፣ የታተመው መግለጫ የማሽኑን ዘመን በአንድ መስመር፣ የቀፎውን ፓተንት በሌላ መስመር ለይቶ አስቀመጠ። ባለቤቷም ካነበቡ በኋላ ሰዓቱን ከጨረታው አውጥተው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።